የአያ ታከለ ሲራራ

አያ ታከለ ማረፋቸውን የሰማሁት እህታቸው ከአይከል መጥታ በሬን ያንኳኳች ቀን ነው። ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ተላጭታ ነበር። “የስንዱ እናት አንቺ ነሽ?” አለችኝ። ነኝ ስላት፣ ወንድሟ ከሞተ አርባው እንዳለፈ፣ የመጣችውም አደራ ልታደርስ እንደሆነ ነገረችኝና ከነጠላዋ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ደብተር አወጣች። እኔ እጄን ሳልዘረጋ ምን ሆነው እንደሞቱ ጠየቅኋት።

“ቲቢ ነዋ። አልነገረሽም?”

ልዘረጋ የነበረውን እጄን ሰበሰብሁ። አደራ ተሸክማ የአንድ ቀን መንገድ በመጣች ሐዘንተኛ ፊት እጄን መሰብሰቤ ዛሬም ያሳፍረኛል። ግን ሁለት ወንዶች ልጆች በአንድ ሳምንት ቀብሬ የቀረችኝ ስንዱ ብቻ ነበረች። ስንዱ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኚህ ሰው እግር ሥር ጠፍታ አታውቅም። ለእኔ የነገሩኝ የሕመማቸው ስም ሌላ ነበር፤ በአንድ ትንፋሽ የማይጨረስ ረጅም ስም። ስሙ ረጅም በመሆኑም ደስ ብሎኝ ሸኝቻቸው ነበር። የሕመም ስም ረዘመ ብሎ የሚደሰት ሰው አለ ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ለዚህ ከመጀመሪያው መነሳት አለብኝ።

ያን ጊዜ ጣሊያን ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። አያ ታከለ ከሰፈራችን ከቁስቋም ቁልቁል ባለው ክሊኒክ ድሬሰር ነበሩ፤ ቁስል ያጥባሉ፣ መርፌ ይወጋሉ፣ መድኃኒት ያድላሉ። አጭር ሰው ናቸው። ነጩ ጋዋን ለረጅም ሰው የተሰፋ ስለነበረ እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፈው ነው የሚለብሱት። እርሳሳቸው ከጆሯቸው ላይ አትወርድም። ረጅም የሕክምና ቃል ሊናገሩ ሲሉ ደግሞ ከተቀመጡበት ተነሥተው የጋዋኑን የአንገት ቁልፍ ይቆልፋሉ። ለምን እንደሆነ አንዲት ሴትዮ ብትጠይቃቸው፣ ትልቅ እንግዳ ሲገባ ተቀምጦ የሚቀበል ባለጌ ነው አሏት።

መጀመሪያ የተገናኘነው በስንዱ ነስር ነው። አምስት ዓመቷ ነበር፤ አፍንጫዋ ሦስት ቀን እየቆየ ሲደማ ይዣት ሄድሁ። ሥራ ሊማር የመጣ ወጣት ተመለከታትና ለጓደኛው አንድ ቃል ተናግሮ ካርዷ ላይ በፈረንጅ ፊደል ጻፈ። ምን እንደሆነ ስጠይቀው “ኤፒስታክሲስ” አለኝና ሌላ በሽተኛ ጠራ።

እኔ ከማግባቴ በፊት ሦስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ ፊደል እቆጥራለሁ። ቃሉን በልቤ ጽፌ ብቆጥረው ሰባት ፊደል ሆነ። ወንዶቹን ልጆቼን የወሰደው ኩፍኝ ሦስት ፊደል ነው። በሦስት ፊደል ሁለት ልጅ ከሄደ በሰባት ፊደል ምን ሊተርፈኝ ነው? ነጠላዬን አውርጄ ወገቤን አሰርሁና ግቢው መሐል ቆሜ አለቀስሁ። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ አብረውኝ አለቀሱ። ደረት የደቃችም ነበረች።

አያ ታከለ ፋሻ በእጃቸው እንደያዙ ብቅ አሉ። “ምነው፣ ማን ሞተ?”

“እስካሁን ማንም” አለች ከሴቶቹ አንዷ።

ካርዱን ተቀብለው አነበቡ። ከዚያ መሬት ላይ ከፊቴ ቁጭ አሉ።

“የስንዱ እናት፣ ነስር ነው።”

“ነስር መሆኑንማ ከቤቴ አውቄው መጣሁ። ስሙ ነው ያስፈራኝ።”

“ስሙም ነስር ነው። ካፖርት አልብሰውት ነው እንጂ ውስጡ ያው ነስር ነው።”

የስንዱን አፍንጫ በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው አንገቷን ወደ ፊት እንድታዘነብል አደረጉ። ደሙ እስኪቆም ድረስ ያወሩልኝን አልረሳውም። ረጅም ቃል ሲራራ ነው አሉኝ። ሲራራ ነጋዴ ከሩቅ ሲመጣ አቧራው ብቻ ስለሚታይ ጦር ይመስላል። ሲቀርብ ግን በቅሎ ተከትሎ በቅሎ ነው፤ አንድ አንድ እያልሽ ጭነታቸውን አራግፊ፤ ከአንዷ ጨው፣ ከአንዷ ቡና፣ ከአንዷ አቡጀዲ ይወጣል፤ የሚያስፈራ ነገር የለውም አሉ። ቀጥለውም ይህን አሉኝ፦

“ረጅሙን ስም አትፍሪ። ረጅም ስም የሚወጣለት፣ ሰው ተቀምጦ ለመሰየም ጊዜ ያገኘለት በሽታ ነው። ገዳዩን ለመሰየም ጊዜ የለም። ወባ። ቲቢ። ኩፍኝ። እነዚህ ሰው እየሮጠ የጠራቸው ናቸው።”

ይህ ጨዋታ እንጂ ሕክምና እንዳልሆነም ጨምረው ነግረውኛል። እኔ ግን የመጀመሪያውን ይዤ ሁለተኛውን እዚያው ግቢ ጥዬው ወጣሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄ በታመመች ቁጥር የበሽታውን ስም እጠይቃለሁ፣ ፊደሉን እቆጥራለሁ፤ ከአምስት ከበለጠ እንቅልፍ ይወስደኛል።

አንድ ፈረንጅ ሐኪም አገሩ ሲገባ የተወላቸው ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም የሕክምና መዝገበ ቃላት ነበራቸው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ከዚያ አንድ ቃል ያወጡና በካርቶን ላይ በከሰል፣ በእኛው ፊደል ጽፈው ግቢው ውስጥ ካለችው ወይራ ላይ ይሰቅሉታል። ተራ ጠባቂው ሁሉ ይገምታል። ጨዋታው በእንቆቅልሽ ደንብ ነው። እሳቸው “እንቆቅልህ” ይላሉ፣ እኛ “ምን አውቅልህ” እንላለን። መልሱ የጠፋው ሰው አገር ይሰጣል። አገሩን የተቀበለ በዚያ አገር ስም ፎክሮ፣ ያልመለሰውን ሰድቦ ሲያበቃ መልሱን ይናገራል።

እግራቸው ቆስሎ የሚመላለሱ አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ የደንቢያ ሰው። አንድ ቀን ካርቶኑ ላይ “ቦርቦሪግመስ” የሚል ተጻፈ። መሪጌታ ብዙ አሰቡና ይህ የአጋንንት አለቃ ስም ነው፣ ከዛፉ አውርዱት አሉ። አልሆነም። አገር ሲጠየቁ ሳያስቡ ደንቢያን ሰጡ። አያ ታከለ ተነሥተው ቁልፋቸውን ቆለፉ።

“ደንቢያን ከሰጡኝማ፣ በደንቢያ ስገባ በደንቢያ ስወጣ፣ ጤፉን ሳስወቃ፣ ዓሣውን ሳስጠብስ፣ መሪጌታን ደጅ አስቆሜ ‘ማን ልበል?’ ሳሰኝ…”

ይህን ሲሉ ስንዱ ከጉያዬ ሆና “ሆድ ሲጮህ ነው” አለች። ቃሉን ቀስ ብላ ስትለው እንደ ራበው ሆድ ሆኖ ተሰምቷት ነው። ትክክል ነበረች፤ የሆድ መጮህ ስም ነው። ግቢው ሳቀ። መሪጌታ ግን በእውነት ከፋቸው። የተወለዱበትን አገር ለአንድ ሆድ ጩኸት መስጠታቸው እያንገበገባቸው በሳምንቱ መጥተው ደንቢያን በፎገራ እንዲለውጡላቸው ለመኑ። አያ ታከለ ከብቱ ከተጨመረበት ብለው ለወጡላቸው።

ስንዱ ከዚያ በኋላ ተማሪያቸው ሆነች። ቃል ስታራግፍ በጣቷ እየቆጠረች ነው። መጨረሻ ላይ “ኢቲስ” ካለ ብግነት ነው። መጀመሪያ ላይ “ኒሞ” ካለ ሳንባ ነው። እኔም ከአጠገቧ እየተቀመጥሁ የረሳሁት ንባብ ተመለሰልኝ፤ የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን አንብቤ በልኩ መስጠት ቻልሁ። ይህን ለባሌ አልነገርሁትም፤ አያ ታከለ ግን አይተውኝ ነበርና አንድ ቀን ካርቶኑን ጽፌ እንድሰቅል እኔን አዘዙኝ። ጽፌ ሰቀልሁት። ሰው አነበበው።

ለምን ቃል እንዲህ እንደሚወዱ ጠይቄያቸው አውቃለሁ። እናታቸው በቅማንትኛ፣ የቄስ ትምህርት ቤት መምህራቸው በግዕዝ፣ ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ሲቆጧቸው ነው ያደጉት። ያልገባቸው ቁጣ ይበልጥ ያስፈራቸው ነበር። “ሰው ግማሹ በበሽታው ይሞታል፣ ግማሹ ባልገባው ስም” አሉኝ።

በሁለት ዓመት ውስጥ ስንዱ አዘዞንም፣ ፀዳንም፣ አይከልንም አስረክባለች። አይከልን ስትሰጣቸው የአባቴን አገር ለእኔ ትሰጪኛለሽ ብለው ብዙ ፎከሩ። ቁስቋምን ግን አትሰጥም። “ቁስቋምን ከሰጠሁ የት እናድራለን?” ትላለች።

ሦስተኛው ዓመት ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ሰውዬው ተለወጡብን። ስንዱ ወደ እሳቸው ስትሮጥ እጃቸውን ዘርግተው ከሩቅ ያስቆሟታል። እሷን ወይራዋ ሥር ያስቀምጡና እሳቸው ከማዶ ግድግዳውን ተደግፈው ቃሉን ጮክ ብለው ይጠይቋታል። ሲያስላቸው ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። ለማርያም ጠበል ጻዲቅ ቤቴ ጠርቻቸው ከሰው ጋር ከመሶቡ አልቀርብም አሉ፤ ከቦርሳቸው የራሳቸውን ሳህን አውጥተው በዚያ አድርጊልኝ ብለው ደጅ ተቀምጠው በሉ። ስንዱ ልታጎርሳቸው ብትሄድ አፋቸውን በጋዋናቸው እጅጌ ሸፈኑ። በእኛ አገር የልጅ ጉርሻ መመለስ ቀላል ነገር አይደለም። ጎረቤቶቼ ኮርቷል አሉ። እኔም አመንሁ። በማግሥቱ ክሊኒክ ሄጄ በሰው ፊት ጠየቅኋቸው።

“ምነው አያ ታከለ፣ ልጄን ጠሉብኝ?”

ፋሻ መጠቅለላቸውን አላቆሙም። “የስንዱ ድምፅ ከሩቅ ሸጋ ነው” አሉ። እኔም ቂም ይዤ ተመለስሁ።

በዚያው ሳምንት ግን ራሳቸው ወደ ደጃችን መጡ፤ ወደ ውስጥ አልገቡም። ስንዱን ወደ ትልቁ ሐኪም ቤት ወስጄ ራጅ እንዳስነሣት ለመኑኝ። እኔ ደነገጥሁ። ምን ታየባት ብዬ ብጠይቅ ምንም አሉ፤ የሰውን ውስጥ የሚያነብ ማኪና መጥቷል፣ ቃል አራጋፊ ልጅ ያንን ሳታይ ማደግ የለባትም አሉ። የማኪናውን ስም ስንዱ አራት በቅሎ አድርጋ እንድታመጣላቸው አዘዟት። ፈርቼ ለሦስት ቀን አቆየኋት፤ በአራተኛው ቀን እንደገና መጥተው ደጁ ላይ እስክንወጣ ቆሙ። ወሰድኋት። ወረቀቱን ስንቀበል ከግቢው በር ውጭ ይጠብቁን ነበር። ወረቀቱን ከእጄ አልተቀበሉም፤ ድንጋይ ላይ እንዳስቀምጠው አድርገው ከላይ አጎንብሰው አነበቡት። ካነበቡም በኋላ ለረጅም ጊዜ እንዳጎነበሱ ቆዩ። ቀና ሲሉ እየሳቁ ነበር። ወረቀቱን ለክሊኒኩ መዝገብ እፈልገዋለሁ ብለው በእርሳሳቸው ጫፍ ወደ ደብተራቸው ውስጥ ገፉት።

ከአሥር ቀን በኋላ ወደ ጭልጋ አገር፣ ወደ አይከል፣ ወደ እህታቸው ቤት፣ ሊሄዱ መሆኑን ሰማሁ። ስንዱን ይዤ ልሰናበት ሄድሁ። ጋዋኑን አውልቀው ኮት ለብሰዋል፤ ከስተዋል። ቂሜ ያኔ ጠፋ።

“አመምዎት እንዴ?” አልኋቸው።

ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ተነሡ። የአንገት ቁልፋቸውን ፈለጉ፤ ኮቱ የአንገት ቁልፍ የለውም፤ በእጃቸው ጨበጥ አድርገው ያዙት። ከዚያ ቃሉን ጀመሩ። መሐል ላይ ትንፋሻቸው ተቆረጠና ወደ ግድግዳው ዞረው ሳሉ። ሲበቃቸው ተመልሰው ከመጀመሪያው ጀመሩት፤ አሁን ጨረሱት።

“ኒሞኖአልትራማይክሮስኮፒክሲሊኮቮልካኖኮኒዮሲስ።”

በካርቶን ጽፈውት ነበር። ቆጠርሁት። ሃያ ሰባት ፊደል። ኤፒስታክሲስን አራት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልሁ። እሳቸው ፊቴን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። አቧራ ነው፣ የጭልጋ ነፋስ ያራግፈዋል አሉኝ።

ከዚያ ለስንዱ ከሩቅ “እንቆቅልሽ” አሏት።

“ምን አውቅልህ። የመጀመሪያዋ ሳንባ ናት።”

“ጎሽ። የመጀመሪያዋ በቅሎ ሳንባ ናት። ሌሎቹስ?”

ስንዱ ብዙ ሞከረች። ጣቷ አልበቃ አላት። “አገር ስጪኝ” አሏት። የምታውቀው አገር ሁሉ ተሰጥቶ አልቋል፤ የቀረው አንድ ነው። ቁስቋምን አልሰጥም፣ ሲመለሱ መልሱን እነግርዎታለሁ አለች።

“ሸጋ” አሉ። “እንግዲያው ያንቺው ይቆይ።”

በጭነት ማኪና ላይ ወጥተው፣ ከሰው ፈንጠር ብለው ከኋላ ጥግ ተቀምጠው ሄዱ።

እንግዲህ እህታቸው ያንን ደብተር ይዛ በሬ ላይ ስትቆም እጄን የሰበሰብሁት ለዚህ ነው። እሷ አልተቀየመችኝም። ደብተሩን ከደጃፌ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችውና ነጠላዋን አስተካከለች።

“እኔም መጀመሪያ ፈርቼ ነበር” አለች። “ሳይሞት ነው ያዘዘኝ። ቅጠል ቅጠሉን ገልጠሽ ሰባት ቀን ፀሐይ ላይ አስጪው፣ እናቲቱ ፈሪ ናት፣ እንደተሰጣ ንገሪያት ብሎኛል። አሥራ አራት ቀን አሰጣሁት።”

ያን ጊዜ ነው ያለቀስሁት። አስገባኋት፣ አበላኋት፣ ከዚያ ስንዱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሩን ሦስታችን ደጅ ላይ ተቀምጠን ገለጥነው። ከመሐሉ መጀመሪያ የወደቀው የራጅ ወረቀቱ ነው። ከሥሩ በእርሳስ፣ በእኛ ፊደል፣ እኔ እንዳነበው ተለቅ አድርገው ጽፈውበታል፤ “የስንዱ ሳንባ ንጹሕ ነው።” ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ልጄን ደረቷ ላይ እጄን አድርጌ ያዝኋት፤ ትንፋሿ ከእጄ ሥር ይወጣል፣ ይገባል።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲራራው ነበር። ስንዱ ጮክ ብላ አነበበችው።

“ኒሞኖ፣ ሳንባ። አልትራ፣ እጅግ። ማይክሮስኮፒክ፣ በዓይን የማይታይ። ሲሊኮ፣ ድንጋይ። ቮልካኖ፣ የእሳት ተራራ። ኮኒ፣ አቧራ። ኦሲስ፣ ሕመም። ይህ ቃል ለጨዋታ የተሠራ ነው። ሰዎች ከሁሉ የሚረዝም ቃል እንሥራ ብለው ሠሩት እንጂ በዚህ ስም የሞተ ሰው አላየሁም። የስንዱ እናት፣ ይቅር በይኝ። የእኔ ሕመም ስም አጭሩ ነው። እውነት የጫነችው የመጀመሪያዋ በቅሎ ብቻ ናት።”

ሊነግሩኝ ይገባ ነበር እላለሁ፤ ዛሬም እላለሁ። እናት ልጇ ከማን አጠገብ እንደተቀመጠች ማወቅ አለባት። ግን ራሴንም አውቀዋለሁ። ቢነግሩኝ ልጄን አንጠልጥዬ ወደ ገጠር እሸሽ ነበር፤ ራጅ የሚባል ነገር አጠገብ አልደርስም ነበር። ከመሸሼ በፊት ደግሞ ለቁስቋም ሴቶች ሁሉ እናገር ነበር፤ ያ ግቢ፣ ያች ወይራ፣ ያ ካርቶን በአንድ ቀን ሰው አልባ ይሆኑ ነበር። ጎረቤት ኮርቷል እንዲላቸው የመረጡት ከዚህ ሁሉ ያ ቀሏቸው መሆን አለበት። በሰው ፊት ልጄን ጠሉብኝ ብዬ ስጠይቃቸው ፋሻቸውን ይጠቀልሉ የነበረው እጃቸው አሁንም ይታየኛል።

ስንዱ ደብተሩን ዘጋች።

“እማ፣ ፈታነው ማለት ነው?”

“አልፈታነውም” አልኋት። “የፈቱት እሳቸው ናቸው።”

አሰበች። ደንቡን ከእኔ ይበልጥ ታውቀዋለች። ተነሥታ የቀሚሷን የአንገት ቁልፍ ቆለፈችና ፊቷን የጭልጋ መንገድ ወዳለበት አዞረች።

“ቁስቋምን ሰጥቼዎታለሁ” አለች።

አገር የተቀበለ ሰው ይፎክራል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። እህታቸውም፣ እኔም፣ ስንዱም ወደዚያው መንገድ ዞረን ፉከራቸውን ጠበቅን።